ምዕራፍ ሰባት ፦ ርቀትና የምስል ጥራት

የምዕራፉ ዓላማ

ይህን ምዕራፍ ተምራችሁ ስትጨርሱ፣
1. በልክና በምሳሌ የተደገፈ ገላጭ ምንባብ አንብባችሁ ፍሬ ሐሳቡን ለይታችሁ ታወጣላችሁ፤
2. ተመጣጣኝነትን፣ ሁኔታንና ተቃርኖን የሚያመለክቱ ሐረጎችን በየቦታቸው ትጠቀማላችሁ፤
3. አንድን ነገር ከነምክንያቱ የሚያስረዳ ድርሰት ትጽፋላችሁ።

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች ከጎናችሁ ከተቀመጠው ጓደኛችሁ ጋር ተነጋገሩባቸው።
1. በጋዜጣ ላይ የታተመን ፎቶግራፍ ወደ ዓይናችሁ አስጠግታችሁ ስታዩትና ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ስታዩት ምን ልዩነት ታገኙበታላችሁ?
2. በክፍላችሁ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ የሚቸገሩት የትኞቹ ተማሪዎች ናቸው? ችግሩ የማን ይመስላችኋል? የተማሪው ነው፣ የጽሑፉ ነው ወይስ የመቀመጫው?

ለ. ምንባብ

ዓይንና ስክሪን

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በአሶሳ ዙሪያ፣ ቀርከሃ በሰፊው ይበቅላል። ስለዚህ ከአሶሳ ወደ ጾሬ የሚሄድ መንገደኛ የቀርከሃ አጥር ለማየት ሩቅ መፈለግ አያስፈልገውም። አጥሩ አጠገብ የቆመ ሰው እያንዳንዱን ዘንግ፣ በዘንግና በዘንግ መካከል ያለውንም ጠባብ ክፍተት ለይቶ መቁጠር ይችላል። ሃምሳ ስድሳ እርምጃ ሲርቅ ግን ዘንጎቹ ተዋሕደው አንድ ወጥ ግድግዳ ይመስሉታል። አጥሩ አልተለወጠም፤ የሰውየውም ዓይን አልደከመም። የተለወጠው በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ብቻ ነው።

የቴሌቪዥንም ሆነ የእጅ ስልክ ስክሪን የተሠራው እንደዚሁ አጥር ከብዙ ጥቃቅን ክፍሎች ነው። እነዚህ ክፍሎች ፒክስል ይባላሉ። ፒክስል ማለት በስክሪኑ ላይ አንድ ቀለም ብቻ የሚያሳይ የመጨረሻው ትንሽ ነጥብ ነው። ነጥቦቹ በአግድምና በቁም ተሰልፈው ምስሉን ይሠራሉ። አንድ ስክሪን «1,080» ሲባል ከላይ እስከ ታች 1,080 የነጥብ ረድፎች አሉት ማለት ነው። ነጋዴዎች የስክሪንን ጥራት የሚገልጹት በዚህ ቁጥር ነው፤ ገዢም ቁጥሩ በበዛ መጠን ምስሉ የሚጠራ ይመስለዋል። ነገሩ ግን በግማሽ ብቻ እውነት ነው። ነጥቡን የሚቆጥረው ፋብሪካው ቢሆንም፣ ነጥቡ መታየት አለመታየቱን የሚወስነው የተመልካቹ ዓይንና የቆመበት ርቀት ነው።

የሰው ዓይን ወሰን አለው። ጤነኛ ዓይን ሁለት ነገሮችን ሁለት መሆናቸውን ለይቶ የሚያየው፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በዓይን ዘንድ ከአንድ ዲግሪ አንድ ስድሳኛ የማያንስ ማዕዘን ሲሠራ ነው። ይህን በሜትር ለማስላት ቀላል መንገድ አለ። ርቀቱን ለ3,400 ብናካፍል ዓይን በዚያ ርቀት ሊለየው የሚችለውን የመጨረሻ ትንሽ ክፍተት በግምት እናገኛለን። በዚህ ስሌት ወሰኑ በአንድ ሜትር ርቀት 0.3 ሚሊ ሜትር፣ በሦስት ሜትር 0.9 ሚሊ ሜትር፣ በዘጠኝ ሜትር ደግሞ 2.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ ያነሰ ነጥብ በስክሪኑ ላይ ቢኖርም፣ በዚያ ርቀት ለተቀመጠ ሰው እንደሌለ ይቆጠራል።

ይህ ስሌት በአገራችን በተማሪዎች ዘንድ ምን ትርጉም እንዳለው ለመረዳት «ፕላዝማ» እየተባለ የሚጠራውን ትምህርት እናስታውስ። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ በክፍል ውስጥ በተሰቀሉ የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ይሰጥ ነበር። ፊት የተቀመጠውም ኋላ የተቀመጠውም ተማሪ የሚያየው ያንኑ አንድ ስክሪን ነበር። ያዩት ነገር ግን አንድ ዓይነት ነበርን?

እንበልና በጾሬ አንድ የመማሪያ ክፍል አለ። የመጀመሪያው የዴስክ ረድፍ ከቴሌቪዥኑ ሁለት ሜትር፣ የመጨረሻው ረድፍ ዘጠኝ ሜትር ይርቃል። ቴሌቪዥኑ 42 ኢንች ነው። ይህም ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሲለካ 107 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 93፣ ቁመቱ ደግሞ 52 ሳንቲ ሜትር ያህል ማለት ነው። ከላይ እስከ ታች 480 የነጥብ ረድፎች ካሉት፣ እያንዳንዱ ነጥብ 1.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በሁለት ሜትር ርቀት የዓይን ወሰን 0.6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ፊት የተቀመጠው ተማሪ ነጥቦቹን ያያቸዋል፤ የፊደሉም ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሸረፈ ይመስለዋል። አራት ሜትር ላይ የተቀመጠው ግን ነጥቡን አያይም፤ ለእርሱ ምስሉ የተስተካከለና ወጥ ነው።

አሁን ይህን ቴሌቪዥን አውርደን በስፋት እኩል የሆነ፣ ግን 1,080 የነጥብ ረድፎች ያሉት ሌላ ቴሌቪዥን እንስቀል። ነጥቡ ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። ፊት ያለው ተማሪ ለውጡን ወዲያውኑ ያያል፤ የተሸረፈው ጠርዝ ይቃናለታል። ዘጠኝ ሜትር ላይ የተቀመጠችው ተማሪ ግን ምንም ለውጥ አታይም። ለእርሷ የቀድሞው ነጥብም ከዓይን ወሰን በታች ነበር። የማይታየው ነጥብ በግማሽ ቢያንስ ያው የማይታይ ነው።

እንግዲያውስ ከኋላ የተቀመጠችው ተማሪ ማንበብ የሚያቅታት ለምንድን ነው? ችግሩ የነጥቡ ማነስ ወይም መተለቅ ሳይሆን የፊደሉ ቁመት ነው። ሄርማን ስኔለን የተባለ የኔዘርላንድ የዓይን ሐኪም በ1862 እ.ኤ.አ. ባዘጋጀው የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ መሠረት፣ ጤነኛ ዓይን አንድን ፊደል ለመለየት የፊደሉ ቁመት ከላይ ከጠቀስነው ትንሽ ማዕዘን አምስት እጥፍ መሆን አለበት። በዘጠኝ ሜትር ርቀት ይህ 13 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ግን ዓይን ተጨናንቆ የሚለየው የመጨረሻው ወሰን ነው። ሳይደክሙ ለማንበብ የዚህ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ፣ ማለትም ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ያስፈልጋል። በ52 ሳንቲ ሜትር ቁመት ውስጥ በመስመሮች መካከል ያለው ክፍተት ታስቦ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከአሥር መስመር እምብዛም አይበልጥም። ትምህርቱን ያዘጋጀው ሰው በአንድ ገጽ ሃያ መስመር ከጻፈበት፣ ቴሌቪዥኑ የቱንም ያህል ነጥብ ቢኖረው የኋላው ረድፍ ከትምህርቱ ውጭ ሆኗል።

በፊደላችን ሲጻፍ ደግሞ ጥንቃቄው መብለጥ አለበት። «ለ»ን ከ«ሉ»፣ «ሰ»ን ከ«ሲ» የሚለያት ከፊደሉ ጎን ወይም ከእግሩ የምትወጣ አጭር ቅጥያ ናት። ቅጥያዋ ከፊደሉ ቁመት ጥቂቱን ብቻ ስለምትይዝ፣ ፊደሉ ገና እየታየ እርሷ ቀድማ ትጠፋለች። በዚህ ጊዜ አንባቢው «ሰበረ» የሚለውን ከ«ሰበሩ» ለመለየት በዓይኑ ሳይሆን በግምቱ ይጠቀማል።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። ስክሪን ያልተላከለትን ዝርዝር ከራሱ አይፈጥርም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲያስተላልፍበት የነበረው ሥርዓት 625 መስመር ያለው ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ምስል የሚይዘው 576ቱ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለውን የቆየ ፊልም 2,160 ረድፍ ባለው አዲስ ቴሌቪዥን ብናሳየው ነጥቦቹ ይደቃሉ እንጂ በፊልሙ ያልነበረ የፊት ገጽታ ወይም የልብስ ጥለት አይወለድም።

በእጅ ስልክ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ስክሪኑ ትንሽ ስለሆነ ነጥቦቹ እጅግ ተቀራርበዋል። ስልኩ በጎኑ ሲያዝ የምስሉ ቁመት ሰባት ሳንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን፣ 720 ረድፍ ያለው ቪዲዮ እያንዳንዱ ነጥብ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ አይበልጥም። ከዓይን ሠላሳ አምስት ሳንቲ ሜትር ለተያዘ ስልክ ይህ በቂ ነው። ስለዚህ ያንኑ ትምህርት በ1,080 ረድፍ የሚያወርድ ተማሪ ተጨማሪ የኢንተርኔት ዳታ ይከፍላል እንጂ ዓይኑ የሚያገኘው ትርፍ እጅግ ጥቂት ነው። በጾሬም ሆነ በአሶሳ ወይም በአዲስ አበባ ዳታ በገንዘብ ይገዛል፤ ይህን ማወቅ ለተማሪ ቁጠባ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው የምስል ጥራት በስክሪኑ ውስጥ ብቻ ያለ ንብረት አለመሆኑን ነው። ጥራት በስክሪኑ፣ በርቀቱና በዓይኑ መካከል የሚገኝ ዝምድና ነው። ፊት ላለው የነጥብ ብዛት ይጠቅመዋል፤ ኋላ ላለው የሚጠቅመው የፊደል መተለቅ፣ የስክሪን መስፋት ወይም ወደ ፊት መቅረብ ነው። ይህን ያልለየ ሰው ገንዘብ አውጥቶ አዲስ መሣሪያ ይገዛና፣ የኋላው ረድፍ ዛሬም አለማንበቡን ሲያይ ጥፋቱን በተማሪው ስንፍና ያመካኛል።

ሐ. የቃላት ጥናት

የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የሚገኙ ናቸው። በመጀመሪያ በገቡበት ዓረፍተ ነገር ፍቻቸውን ገምቱ፤ ቀጥሎም ግምታችሁን ከዚህ በታች ከተሰጠው ጋር አስተያዩ።

ወጥ ፦ ክፍተትና ልዩነት የማይታይበት፣ አንድ ዓይነት የሆነ።
ተዋሐደ ፦ ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ አንድ ሆነ።
ወሰን ፦ አንድ ነገር የሚያበቃበት፣ ከዚያ ወዲያ የማይዘለቅበት።
ተሸረፈ ፦ ከጠርዙ ጥቂት ጥቂት እየተቆረሰ ጎደለ።
አመካኘ ፦ እውነተኛውን ምክንያት ትቶ በሌላ ነገር ወይም ሰው አሳበበ።

መልመጃ 1። በእያንዳንዱ ቃል አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ። ዓረፍተ ነገሩ ስለ ስክሪን መሆን የለበትም። ለምሳሌ ፦ የሁለቱ ወንዞች ውኃ ከድልድዩ በታች ተዋሐደ።

መ. የመረዳት ጥያቄዎች

መልመጃ 2። በምንባቡ መሠረት በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. የቀርከሃው አጥር ምሳሌ ከስክሪን ጋር የሚመሳሰለው በምንድን ነው?
2. ከመማሪያ ክፍሉ ኋላ የተቀመጠችው ተማሪ በአዲሱ ቴሌቪዥን ያልተጠቀመችው ለምንድን ነው?
3. በስድስት ሜትር ርቀት የተቀመጠ ሰው ሊለየው የሚችለው የመጨረሻ ትንሽ ክፍተት ስንት ሚሊ ሜትር ነው? ስሌታችሁን አሳዩ።
4. በፊደላችን የተጻፈን ጽሑፍ ከሩቅ ለማንበብ ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? ከራሳችሁ ሁለት ጥንድ ቃላት ጨምራችሁ አስረዱ።
5. «ጥራት በስክሪኑ፣ በርቀቱና በዓይኑ መካከል የሚገኝ ዝምድና ነው» የሚለውን በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።

መልመጃ 3። የተግባር ሥራ። በነጭ ወረቀት ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸውን አምስት ጥቁር መስመሮች፣ በመካከላቸው ሁለት ሁለት ሚሊ ሜትር ክፍተት እየተዋችሁ አስምሩ። ወረቀቱን ብርሃን ባለበት ግድግዳ ላይ ለጥፉና መስመሮቹ ተዋሕደው አንድ ግራጫ ጥላ እስኪመስሉ ድረስ ወደ ኋላ ሂዱ። ርቀቱን በሜትር ለኩ። በምንባቡ ስሌት መሠረት ሰባት ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ከዚህ እጅግ በቀረበ ርቀት መስመሮቹ የጠፉበት ተማሪ ካለ አትሳቁበት፤ ለመምህሩ ተናግሮ ዓይኑን በጤና ጣቢያ ይመርመር። ከኋላ ተቀምጦ ዝም የሚል ተማሪ ሁሉ ትምህርት የጠላ አይደለም።

ሠ. ሰዋስው

የምንባቡ ዋና ሐሳብ «ይህ ሲለወጥ ያ ይለወጣል» የሚል ነው። እንዲህ ያለውን ሐሳብ በአማርኛ ለመግለጽ ሦስት ዓይነት ጥገኛ ሐረጎች ያገለግላሉ።

1. ተመጣጣኝነት። ሁለት ነገሮች አብረው እንደሚጨምሩ ወይም አንዱ ሲጨምር ሌላው እንደሚቀንስ ለመግለጽ «ቁጥር» እና «መጠን» የሚሉትን ቃላት እንጠቀማለን።
ምሳሌ ፦ ተመልካቹ እየራቀ በሄደ ቁጥር ነጥቦቹ ይጠፋሉ።
ምሳሌ ፦ ስክሪኑ በሰፋ መጠን ፊደሉ ይተልቃል።
አስተውሉ ፦ «በመጣ ቁጥር» ስንል «በመጣ ጊዜ ሁሉ» ማለታችን ሊሆን ይችላል። «እየቀረበ በመጣ ቁጥር» ስንል ግን ቀስ በቀስ የሚሆን ለውጥን እንገልጻለን። ልዩነቱን ያመጣው «እየ» የሚለው ነው።

2. ሁኔታ። «ከ» እና «ቢ» በግሱ ላይ እየተጨመሩ ሁኔታን ያመለክታሉ። የሚያስተላልፉት መልእክት ግን አንድ አይደለም።
ምሳሌ ፦ ወደ ስክሪኑ ከተጠጋ ነጥቦቹን ያያል። (ሊሆን የሚችል፣ የታወቀ ነገር)
ምሳሌ ፦ ወደ ስክሪኑ ቢጠጋ ነጥቦቹን ያያል። (በሐሳብ የተያዘ ነገር)
ምሳሌ ፦ ፊደሉ ተልቆ ቢጻፍ ኖሮ ከኋላ የተቀመጠችው ተማሪ ታነበው ነበር። (ያልሆነ፣ ያለፈ ነገር)

3. ተቃርኖ። በ«ቢ» በሚጀምረው ግስ መጨረሻ ላይ «ም» ስትጨመር ሐሳቡ ይገለበጣል።
ምሳሌ ፦ ነጥቡ ቢበዛ ምስሉ ይጠራል።
ምሳሌ ፦ ነጥቡ ቢበዛም ምስሉ ለኋላው ረድፍ አይጠራም።
በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የነጥቡ መብዛት ምክንያት ነው። በሁለተኛው ግን ምክንያት መሆኑ ቀርቶ ፋይዳ ማጣቱ ተነግሯል። አንዲት ፊደል የክርክርን አቅጣጫ እንደምትለውጥ ከዚህ ተረዱ።

መልመጃ 4። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች በቅንፍ ውስጥ በተሰጠው ቃል እያያያዛችሁ አንድ አድርጉ።
1. ስልኩ ወደ ዓይን ይቀርባል። ነጥቦቹ ጎልተው ይታያሉ። (ቁጥር)
2. ቴሌቪዥኑ አዲስ ነው። ፊልሙ የቆየ በመሆኑ ምስሉ አይጠራም። (ቢሆንም)
3. መምህሯ በትልልቅ ፊደል አልጻፈችም። ተማሪዎቹ አላነበቡም። (ኖሮ)
4. የመስመሩ ብዛት ይጨምራል። የፊደሉ ቁመት ያንሳል። (መጠን)

ረ. ድርሰት

ገላጭ ድርሰት አንባቢው የማያውቀውን ነገር እንዲያውቅ፣ ወይም በተሳሳተ መንገድ የሚያውቀውን እንዲያርም ያደርጋል። ይህን የሚያደርገው በማድነቅ ሳይሆን በማስረዳት ነው። የሚከተሉትን ሁለት አንቀጾች አስተያዩ።

አንቀጽ አንድ
አዲሱ ቴሌቪዥን በጣም ጥሩ ነው። ጥራቱ እጅግ ግሩም ነው። ከድሮው ጋር በፍጹም አይወዳደርም። ስለዚህ ትምህርት ቤታችን ቢገዛው ተማሪዎች ሁሉ በደንብ ይማራሉ።

አንቀጽ ሁለት
ለትምህርት ቤታችን ሊገዛ የታሰበው ቴሌቪዥን አሁን ካለው ጋር በስፋት እኩል ነው፤ የሚበልጠው በነጥብ ብዛት ነው። ከፊት የተቀመጡ ተማሪዎች ለውጡን ያዩታል፤ ምክንያቱም በእነርሱ ርቀት የአሁኑ ነጥብ ለዓይን ይታያል። ከኋላ ያሉት ግን ነጥቡን ዛሬም አያዩትም። የእነርሱ ችግር የፊደሉ ማነስ ስለሆነ፣ ገንዘቡ ሰፋ ላለ ስክሪን ቢውል ይሻላል።

በአንቀጽ አንድ ውስጥ «በጣም»፣ «እጅግ»፣ «በፍጹም» የሚሉ ቃላት ተደጋግመዋል። ጸሐፊው ግን ጥራቱ ለማን፣ ከየት ቦታ፣ በምን ምክንያት እንደሚበልጥ አልነገረንም። «ስለዚህ» የሚለው መስተፃምር ከፊቱ ማስረጃ ሳይኖር ገብቷል። በአንቀጽ ሁለት ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ያለፈውን ይዞ ወደሚቀጥለው ያሻግራል፤ የመጨረሻውም ሐሳብ ከምክንያቱ የተወለደ ነው። የትምህርት ቤት ኮሚቴ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ሊያነበው የሚገባው የትኛውን እንደሆነ ፍረዱ።

ገላጭ ድርሰት ስትጽፉ ይህን ቅደም ተከተል ተከተሉ።
1. የምታስረዱትን ነገር አንባቢው በሚያውቀው ምሳሌ አስተዋውቁ።
2. አዲስ ቃል ካለ ወዲያው ፍቱት።
3. ምክንያቱን ከነልኩ አስቀምጡ። «ሩቅ» ከማለት «ዘጠኝ ሜትር» ማለት ይበልጣል።
4. ደንቡ የማይሠራበት ሁኔታ ካለ አትደብቁት።
5. ከተናገራችሁት የሚከተለውን ተግባር አሳዩ።

መልመጃ 5። ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ ከአንድ ገጽ ያላነሰ ገላጭ ድርሰት ጻፉ። ከክፍል ሠ ከሦስቱ ዓይነት ሐረጎች እያንዳንዳቸውን ቢያንስ ሁለት ሁለት ጊዜ ተጠቀሙ።
ሀ. በክፍላችን ለኋላው ረድፍ በሚነበብ መጠን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንዴት ይጻፍ?
ለ. በሩቅ ያለ ተራራ ደኑ አንድ አረንጓዴ ጨርቅ የሚመስለው ለምንድን ነው?
ሐ. በዕለት ተዕለት ኑሮ ሰዎች ለማያዩት ጥራት ገንዘብ የሚያወጡበት አንድ ነገር።

ድርሰቱን ከጻፋችሁ በኋላ ጮክ ብላችሁ ለክፍል ጓደኞቻችሁ አንብቡ። አድማጩ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ ካለ፣ እዚያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እንደጎደለ ዕወቁና ጨምሩ።